አረቄ፣ ሁለት ቫይረሶችና አንድ ጉበት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ሲሪንቃን አልፎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው መርሳ ይደርሳል። ሀብሩ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላውም እንጀራ ይሆናል፣ ጠላ ይሆናል፣ አረቄ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የመጠጥን ክፉና ደግ አይደለም። አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ኤች.አይ.ቪ እና ሄፓታይተስ ቢ በአንድነት ቢገኙበት ጉበቱ ምን ይደርስበታል? ጥያቄያችን ይህ ነው። የፊዚክስ መምህራንን ስለ ጉበት ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

በጉበት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፋል። ከዚህም ሦስት አራተኛ የሚሆነው የሚመጣው ከአንጀትና ከአካባቢው ነው። ስለዚህ ከአንጀት ሾልኮ የወጣ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። አልኮል፣ በተለይም እንደ ዳግም አረቄ ያለው ብርቱ መጠጥ፣ የአንጀትን ግድግዳ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዘውን መጋጠሚያ ያላላል። ኤች.አይ.ቪ በበኩሉ ሰው በያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያው ግድግዳ ውስጥ የሚገኙትን የመከላከያ ሴሎች በብዛት ይፈጃል። አንድ ግንብ ከሁለት ወገን ይናዳል ማለት ነው። በክፍተቱ ያለፈው የባክቴሪያ ስብርባሪ ጉበት ሲደርስ በዚያ ያሉት ዘብ ሴሎች ብግነት ያስነሣሉ።

ብግነት ማለት እሾህ የወጋው እግር ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ የምናየው ነው። ለጥቂት ቀን ሲሆን ጠቃሚ ነው። ለዓመታት ሲቀጥል ግን ጠባሳ ይተክላል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በራሱ በጉበት ሴል ውስጥ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ ሴሉን በአብዛኛው የሚገድለው ቫይረሱ ሳይሆን ቫይረሱን የሚያሳድደው የሰውነት መከላከያ ነው። እንግዲህ ከአንጀት የሚመጣው ብግነት የሚደርሰው ቀድሞ በተቆጣ ጉበት ላይ ነው።

የጉዳቱን መጠን እንዲሁ ደምረን አናገኘውም። ብግነቱ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ተመልሰው የአንጀቱን ግድግዳ ይበልጥ ያላሉታል፤ ከዚያም የሚሾልከው ይበዛል፤ ብግነቱም ይብሳል። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማውን ፉጨት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የእኛ ሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠባሳ የበዛበት ጉበት ይጠነክራል፤ በጠንካራ አካል ውስጥ ደግሞ ሞገድ ይፈጥናል። ጥንካሬው ከሞገዱ ፍጥነት ካሬ ጋር ይመጣጠናልና መሣሪያው በጎን ላይ ቀስ ብሎ መታ አድርጎ የሞገዱን ፍጥነት በአልትራሳውንድ ይከታተላል። የጤናማ ጉበት ጥንካሬ 5 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን የሞገዱ ፍጥነት በሴኮንድ 1.3 ሜትር ያህል ነው። ጥንካሬው ወደ 12.5 ሲደርስ ፍጥነቱ 2 ሜትር ይሆናል፤ ሐኪሞችም የከፋ ጠባሳ መኖሩን ይጠረጥራሉ። እኛን ያስደነቀን ሌላ ነው። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጠጥ ባቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ጠባሳ በሳምንታት አይሟሟም፤ የወረደው ብግነቱ ነው።

በአገራችን የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍም ትከሰሳለች። ምስኪኗ የለችበትም። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጋራ ምላጭ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ በመጠጥ ቤት ከምናያቸው ጎልማሶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸውና በደም ምርመራ ራሳቸውን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን ለኤች.አይ.ቪ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ውስጥ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሄፓታይተስ ቢንም ይገታሉ። «መድኃኒትና አረቄ አይስማሙም» ብሎ በጠጣበት ቀን ክኒኑን የሚዘል ሰው አለ። ይህ ሰው ሁለቱንም ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይለቃቸዋል። ሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት በብርቱ ሊያገረሽና ጉበትን ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። የሚሻለው መጠጡን መተው ነው፤ የጠጣም ቢሆን ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጥ። መቋረጡ ሁልጊዜ የታማሚው ጥፋት እንዳልሆነም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ጦርነት በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ መድኃኒት ፈላጊው ወዴት ይሄድ ነበር?

አንድ ነገር እንጨምር። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ብቻውን፣ በአንድ ጀምበር ልተው ቢል መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ እስከ ሞት የሚያደርስ የሚጥል ሕመምም ሊከተለው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም ክትትል ያሳልፍ፤ ለሐኪሙም የሚጠጣውን መጠን ሳይቀንስ ይንገረው።