ከታንኳ ላይ ሰው እንዴት ይወድቃል?

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አብደራፊ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ይሰባሰባል። የቆላው ልጅ ውኃ ሲባል የሚታየው በክረምት ደፍርሶ ወደ ሱዳን የሚወርደው አንገረብ ነው፤ ከደምቢያ የመጣው ግን ከጣና ዳር ነው ያደገው። ታንኳ ተሳፍሮ ለማያውቀው የቆላ ልጅ፣ አንድ ቀን ጣናን መሻገሩ ስለማይቀር፣ ነገሩን እንንገረው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በውስጡ አየር ስላለው ማዕበል ቢገባበትም ቶሎ አይሰምጥም። እየዋለ ሲያድር ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጣጣው ያለው ከተሳፋሪው ዘንድ ነው።

የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ታንኳው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ያ ጎን ጠለቅ ይልና ውኃው ወደ ላይ ገፍቶ ይመልሰዋል። ሰው ሲቆም ግን ክብደቱ ከፍ ስለሚል፣ ታንኳው ትንሽ ባጋደለ ቁጥር እሱ ራሱ ይበልጥ ይጫነዋል፤ ሰሊጥ እስከ ላይ የተቆለለበት አይሱዙ ጠመዝማዛ ላይ እንደሚያስፈራው ማለት ነው። ሞተር ጀልባም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጎን ለፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ የባሰ ሞኝነት አላየሁም። ሲሳፈሩና ሲወርዱም ጎንበስ ብሎ፣ መሐሉን ረግጦ፣ በእጅ የሆነ ነገር ይዞ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጉዞው በጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

ሰው ከወደቀ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ አንድ ሰው ደግሞ ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ ያመልክተው፤ በማዕበል መሐል የሰው ጭንቅላት ቶሎ ይጠፋል። የወደቀው የጀልባውን ጠርዝ ይያዝ እንጂ ወደ ዳር ልዋኝ አይበል። የከበደውን ጋቢም ይጣለው፣ ክንድ ይጠፍራል። ሲያወጡት በጎን ከጎተቱት ጀልባው ሊገለበጥ ስለሚችል በኋላ በኩል ይሁን።

ላይፍ ጃኬትስ? ውኃ ውስጥ ያለ ሰው የሚከብደው ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ 10 ኪሎ ያህል የሚያነሣ ጃኬት ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ለማቆየት ይበቃል። ማሰሪያው ካልጠበቀ ግን ጃኬቱ ወደ ፊት ላይ ይወጣና ሰውየው ከሥር ሾልኮ ይቀራል። ጃኬቱን ከመቀመጫ ሥር አስቀምጦ መሄድም ከባዶ አይሻልም። ጀልባው ሳይነሣ ጠይቀው ይልበሱ፣ ይሰሩት፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ይጠብቁ።