ከዋርድ የራቀ የነርስ ትምህርት

አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ካመጣችው ድርብ ወርቅ ነው። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚበዛበትን የአዲስ አበባን ደቡባዊ ጫፍ ያገለግላል። የራሳቸው ሆስፒታል የሌላቸው የጤና ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ የሚልኩት እንደዚህ ወዳሉ የመንግሥት ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎች ነው። ደም ሥር ፈልጎ ግሉኮስ መስቀል፣ ካቴተር ማስገባት፣ ምጥ የያዛትን እናት ማረጋጋት በሃንድአውት አይለመድምና።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሳይቆዩ ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንግሥት በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጡም ሆኑ በሥልጠና ላይ ያሉ የሕክምና ባለሙያዎች ለብሔራዊ ግዳጅ እንዲዘጋጁ ጠይቆ ነበር። ተማሪው ከዋርድ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጧል፤ በተጠባባቂነት ደግሞ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ የሰየመው ይህንኑ ጊዜ መሆኑ፣ ዓለም 5.9 ሚሊዮን ነርስ እንደሚጎድላትም በዚያው ዓመት ማሳወቁ ምጸቱን ያከርረዋል።

የቀለም ትምህርቱ ወደ ስልክ ዞረ፤ መምህሩ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልካል፣ ካርድ መሙላት የቻለ ያወርዳል። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ ያም ቆመ። በ2013 መጀመሪያ ወራት ተመራቂዎች ቀድመው ሲጠሩ ያመለጠው ጊዜ በተጣበበ ካላንደር እንዲካካስ ተደረገ። ንባብ በሩጫ ይካካስ ይሆናል። ልምምድ ግን በሽተኛ ይፈልጋል፤ የሚያርም ነርስም ይፈልጋል፤ ያቺ ነርስ ደግሞ ማስክና ጓንት ቆጥባ ዱቲ የምትሸፍን ነበረች።

በእኔ እምነት ወረርሽኙ ይህን የልምምድ እጥረት አባባሰው እንጂ አልወለደውም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያጠቃ በአገሪቱ አንድም የነርስ ትምህርት ቤት አልነበረም። ትምህርቱ በ1940ዎቹ ሲጀመር ግን ሆስፒታልን ተጠግቶ ነው፤ ለንደን ውስጥ በነርስነት ለተመረቀችው ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የቆመው፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች የሚባለው ሆስፒታል አንዱ ነበር። የአልጋና የተማሪ ቁጥር የተራራቀው በኋላ፣ ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የመንግሥቱም የግሉም ኮሌጅ ሲበራከት ነው። አንድ አልጋ ከበው ከሚቆሙት መካከል መርፌውን የሚይዘው አንድ ነው፤ የቀሩት አይተው ይመለሳሉ፤ የልምምድ መመዝገቢያው ሎግቡክ ግን የሁሉም ይፈረማል።

ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠው ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ፈተና በር ላይ የቆመ ማጣሪያ ነው፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን ምርጫ እያስከበበ የሚፈትን ወረቀት እጅን አይመዝንም። ስለዚህ የኮሌጅ ቅበላ በመማሪያ ክፍሎች ብዛት ሳይሆን በልምምድ አልጋና በአሠልጣኝ ነርስ ቁጥር ቢወሰን ይሻላል። ያን ቁጥር የሚያውቁት ደግሞ ሆስፒታሎቹ ናቸው፤ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ስንት መቀበል እንደሚችሉ ሊጠየቁ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው።