የዲከረንሱ በሽታና የኢዮብ ወዳጆች

ከዳንግላ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ዲከረንሱ ላይ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ግራር በተለይ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የብዙ ቤተሰብ ጎታ ሆኖ ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ቀጥሎ በሥሩ የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። በከሰሉ ገንዘብ ጎጆ በቆርቆሮ ተተክቷል፣ ልጅ ተምሯል፣ መሬት ያልደረሰው ወጣትም ሥራ አግኝቷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የስንዴ ዋግን የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን ያደርቀው ጀመር።

ፈንገሱን ለባለሙያዎች እንተወው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጎታው ሲጎድል የክርስቲያን ቤት ምን ይማራል? አስተማሪውስ ማን ነው?

በየገጠሩ ቶሎ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፦ «ኃጢአታችን ነው»። ገበሬው ስለራሱ ሲለው ትሕትና ነው፤ ሌላው ስለ ገበሬው ሲለው ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ኢዮብን ሊያጽናኑ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከሠሩት ሁሉ ደግ ሥራቸው ይኸው ነበር። አፋቸውን ከፍተው መከራውን የበደሉ ዋጋ ካደረጉት በኋላ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ የተቆጣባቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ይቅርታ ያገኙትም የወቀሱት ሰው ጸልዮላቸው ነው። የኛ ሰው ለቅሶ ቤት ሲሄድ ይህን ያውቃል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ሲነሳ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ሟቹ ለምን እንደሞተ አያብራራም። ከለቅሶ ቤት ውጭ ይህን ጨዋነት ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

አስተማሪው ማን ነው ወዳልኩት ልምጣ፤ በአዊ ቤት ሃይማኖት በብዛት የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ቅዳሴው በግእዝ ነው፣ ስብከቱ ባመዛኙ በአማርኛ፣ የምድጃው ዳር ጨዋታ ደግሞ በአውኚ። ከሦስቱ መካከል ቆመው ነገሩን ለልጅ የሚያደርሱት እናትና አያት ናቸው፤ እነሱም ከማስረዳት ይልቅ ማሠራት ይቀናቸዋል። ልጁ የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ከመስማቱ በፊት በሃያ ሦስተኛው ቀን ለጽዋ ተረኛው ቤት ውሃ ቀድቷል፣ ቄጠማ ጎዝጉዟል።

ጽዋ ማኅበሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አባላቱ በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፣ የቀረውን ሰው ይጠይቃል። ታዲያ በዚህ መካከል የተጣሉ ሰዎች ካሉ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ይታረቃሉ። በድንበር የተካሰሱ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሊያስማማቸው ያልቻለውን ነገር ለጽዋው ሲሉ ይተዉታል። በር ላይ የቆመው ነዳይም ድርሻ አለው። ዮሐንስ አፈወርቅ ምእመናኑን ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉት እያለ ያስተምር ነበር፤ ጽዋ በዞረ ቁጥር ይህ ትምህርት በየተራ በየሰው ደጃፍ ይደርሳል።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን ነው። በደጋው ምድር ዝናቡ የሚበረታበት፣ ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ልጆች ሳይቀሩ ጾመው ይቆርባሉ። ያለውም የሌለውም ማዕዱን ሲያሳንስ የድሀው ቤት ድህነት ለጊዜው ከዓይን ይሰወራል። ጾም ለዚህ ተሠራ አልልም። ግን ጎረቤቱ እንዳያፍር ያደርጋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዲከረንሱ የከፋ መከራም በዞኑ አልፏል። በ2013 ዓ.ም ከአጎራባቹ ከመተከል ዞን ግድያ ሸሽተው የመጡ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን ሰፍረው ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጻድቃን የተጠየቁት እንግዳ ተቀብለው፣ የተራበ አብልተው እንደሆነ ነው፤ የእንግዳው መከራ ከየት እንደመጣ ተንትኑ አልተባሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። መከራ ያስተምራል የሚለው ስብከት ብዙ ጊዜ የሚጫነው በሴቶች ላይ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሽማግሌ ጋ ስትሄድ «መስቀልሽን ተሸከሚ» ትባላለች። ድርቅና በሽታ የማንም እጅ የሌለበት መከራ ሊሆን ይችላል፤ ዱላ ግን ባለቤት አለው። የነፍስ አባት ትዕግሥትን ለተመታችው ከማስተማሩ በፊት ንስሐን ለመቺው ማዘዝ አለበት። ይህን የሚያደርጉ ካህናት አሉ፤ ስማቸው በገበያ አይነሳም እንጂ ቤት የሚያቆሙት እነሱ ናቸው።

የዞኑ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ከዚህ ከሰው ጋር አብሮ የመቀመጥ ወሬ ውጭ አይደለም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን አርበኞች እያሰበ ፈረስ ያሰልፋል። ካሜራው የሚወደው ግልቢያውን ነው። ለቤተሰቡ ግን ከግልቢያው ይልቅ ቁም ነገሩ ፈረሰኛው በሠርግም በለቅሶም መገኘቱ ነው።

ወደ ጎታው ልመለስ። የከሰሉ ገንዘብ በነበረ ጊዜ የጽዋውም ድግስ አብሮ ሰብቷል። ዳቦና ጠላ ይበቃ የነበረው ዝክር ወጥና አረቄ ጨመረ፤ ተዝካሩ በሬ ጠየቀ። አሁን ገቢው ሲወርድ ድግሱ አልወረደም። ተራው የደረሰው አባወራ እንዳያፍር ይበደራል፣ ወይም ከማኅበሩ ቀስ ብሎ ይቀራል። የመጀመሪያው ቤቱን ያደኸያል፤ ሁለተኛው ሰውየውን በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ብቻውን ያስቀረዋል። የኢዮብ ወዳጆች በቃል የሠሩትን እኛ በድግስ እየሠራነው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራቱ ሙሴዎችና ለካህናቱ አንድ ልመና አለኝ። ዝክሩን ወደ አንድ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ መልሱት፤ ባለጸጋው አባልም ከዚህ በላይ እንዳያቀርብ ከልክሉት። በተረፈው ገንዘብ፣ ዲከረንሱ ለደረቀበት ጎረቤት የዘር ጤፍ ግዙለት። ውሳኔው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በሚቀጥለው ወር ጽዋ ላይ መወሰን ይቻላል።