ሥልጠናው ለማን? መቼ?

የመኸር እርሻ ሲቃረብ ከክልል እስከ ቀበሌ የሥልጠና መርሐ ግብር ይበዛል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የሚሰፍረውም የሠልጣኞች ቁጥር ነው። አርሶ አደሩን የሚጠቅመው ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሙያ ሥራው ሳያልፍ ሠልጥኖ ማሳው ድረስ መምጣቱ ነው።

በግብርና ኤክስቴንሽን አሠራራችን በአንድ ቀበሌ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይመደባሉ። ሥራቸው እንደሚለያይ ሁሉ የሚያስፈልጋቸው ሥልጠናም ይለያያል። “አንድ ሰው ላኩ” የሚል ደብዳቤ ለወረዳው ሲደርስ በቅርብ የተገኘው ወይም የውሎ አበል ተራ የደረሰው ከተላከ ግን ሥልጠናው ከሥራው ይለያያል። የንብ ማነብ ሥልጠናውን የሰብል ባለሙያው ከወሰደው፣ ቀፎ ያለው አርሶ አደር የሚያማክረው ሰው ያጣል።

ጊዜውም እንደ ሰው ምደባው ያስፈልጋል። አሲዳማ አፈርን የሚያክመው ኖራ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ እንዲሠራ ዘር ከመዘራቱ ሳምንታት ቀድሞ መበተን አለበት። ሥልጠናው ዘር ከተዘራ በኋላ ከተሰጠ ለዚያ ዓመት አይደርስም። በ2009 ዓ.ም ወደ ሀገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ሌላው ትምህርት ነው። እጩ ካደገ በኋላ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ የአሰሳ ሥልጠናው በቆሎው ገና ለጋ ሳለ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይበቃዋል። በመዝገቡ የሥራ መደቡ፣ መደቡ የሚጠይቀው ሥልጠና፣ የባለሙያው ስም፣ የማጠናቀቂያው ቀንና መጠናቀቁ ይሰፍራሉ። ምደባው ከሰው ስም ሳይሆን ከሥራ መደቡ መነሳት አለበት። ባለሙያው ቢዛወር ወይም ቢለቅ ግዴታው ከመደቡ ጋር ይቆያል፤ የሚተካውም ሰው ሥራ በጀመረበት ቀን ምን እንደሚቀረው ያውቃል። መዝገቡ በኮምፒውተር ከተያዘ ደግሞ ቀኑ የተቃረበውንና ያለፈበትን ለይቶ ማውጣት ይቀላል። መብራትና ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያው ሰንጠረዥ በወረቀት ተለጥፎ በየወሩ ቢታረም ሥራውን ይሠራል።

“ተጠናቋል” የሚለው ምልክት በአዳራሽ መገኘትን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መዝገቡ ያታልላል። በመስመር መዝራትን የሠለጠነ ባለሙያ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ ዘርቶ ማሳየት ይኖርበታል። ተቆጣጣሪውም ምልክቱን የሚያደርገው ያንን ካየ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሳይሠለጥን ቀኑ ላለፈበት ባለሙያ ደግሞ ከተግሣጽ በፊት ምክንያቱ ይጠየቅ። መጓጓዣ አጥቶ ነው? ወይስ በዚያው ሳምንት ሌላ ዘመቻ ተደርቦበት? ሁለት ሥራ በአንድ ቀን የመደበው ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ከሆነ ጥፋቱ የባለሙያው አይደለም።

አርሶ አደሮችም ድርሻ አላቸው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ “ዘንድሮ የትኛው ባለሙያ በምን ሠለጠነ? መቼስ ያሳየናል?” ብለው መጠየቅ ይችላሉ። መዝገቡ በአግባቡ የተያዘበት ወረዳ መልሱን እዚያው ይሰጣል፤ ያልተያዘበትም ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ከጥያቄው ይረዳል።