ክርክሩን የሚዘጋው ሰው

እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ስለ እርጎ የሚያትት ገጽ አለው። የገጹ ርዕስ «ኤች» ፊደል ይኑረው ወይስ አይኑረው በሚለው ላይ ጸሐፊዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ሲሟገቱ ኖረዋል። ርዕሱ ይለወጥ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦ ወድቋል። በ2011 ግን ፊደሏ ወጣች፤ ጠቡም በረደ። ነገሩ ጥቃቅን ቢመስልም ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች የስምንት ዓመት ሙግት መቋጨታቸው ሊደነቅ ይገባል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ የውይይት ገጽ አለው፤ ሙግት የሚጀመረው እዚያ ነው። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል። የተጋጩት ሁለት ብቻ ከሆኑ የሦስተኛ ሰው አስተያየት ይጠየቃል፤ ከከበደ ለሁሉም የአስተያየት ጥሪ ይወጣል። ከላይ ደግሞ በ2003 መጨረሻ ከዊኪፒዲያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ያቋቋመው የግልግል ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው የሰዎችን ጠባይ እንጂ የጽሑፍን ይዘት አይዳኝም። በ2009 ሳይንቶሎጂ በተባለው የእምነት ድርጅት ጉዳይ ሲወስን ከድርጅቱ የኢንተርኔት አድራሻዎች የሚመጣውን አርትዖት አገደ፤ ስለ እምነቱ ምን ይጻፍ የሚለውን ግን ለጸሐፊዎቹ ተወው።

ጋዜጦች የሚያነሱት ይህንን ኮሚቴ ነው። የዕለት ተዕለቱን ሸክም የሚሸከመው ግን ማንም የማያመሰግነው ክርክር ዘጊ ነው።

በሙግቱ ያልነበረበት አንድ ሰው ይመጣል። ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ምን ላይ እንደተደረሰና ለምን እንደሆነ በጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ይፈርማል። ውይይቱ ባለ ቀለም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አናቱ ላይ ከእንግዲህ እንዳይነካ የሚል ማሳሰቢያ ይሰፍራል። ብዙውን ጊዜ ለዚህ አስተዳዳሪ መሆን አያስፈልግም። እንደ አገር ሽማግሌ ማስታረቅም አይጠበቅበትም፤ የተባለውን ይመዝናል፣ በቃ።

ብዙዎች፣ ለዓመታት የጻፉትም ጭምር፣ ዘጊው እጅ ይቆጥራል ብለው ያምናሉ። ተሳስተዋል። አሥር ሰዎች «እደግፋለሁ» ብለው ቢፈርሙ፣ ሦስቱ ደግሞ የታተመ ምንጭና ደንብ ጠቅሰው ቢሞግቱ፣ ውሳኔው ለሦስቱ ሊሆን ይችላል። ብዛት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ብዙኃኑን የሚቃወም ዘጊ ምክንያቱን አብራርቶ መጻፍ አለበት፤ ያልተዋጠለትም ሰው ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላል። ወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ ማስፈረም የተከለከለውም ብዛት ውሳኔውን ሊያዛባ ስለሚችል ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ጉዳያቸውን የሚረዱ ይመስላቸዋል፤ ዘጊው ግን ድንገት የመጡትን አዲስ ስሞች አይቶ ሚዛናቸውን ይቀንሳል፣ በቅንነት የተሟገተው ሰው ቃል እንኳ አብሮ ይጠረጠራል።

ችግሩ ዘጊ መጥፋቱ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ከ2011 እስከ 2017 የቀረቡ ከ7,000 በላይ የአስተያየት ጥሪዎችን መርምሮ ሲሶ ያህሉ በወጉ ሳይዘጉ መቅረታቸውን አሳይቷል። ሠላሳ ቀን ሲሞላ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥሪውን ከዝርዝሩ ያነሳዋል፤ ይህንን እንደ ውሳኔ የሚቆጥር አይጠፋም። ፕሮግራሙ ቀን ከመቁጠር በቀር ምንም አልወሰነም። ያልተዘጋው ሙግት በወራት ውስጥ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ያኔ የተጻፈው ሁሉ ዳግም ይጻፋል።

ጥናቱ ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ የጥያቄው አቀራረጽ ነው። ጥሪ የሚያወጣ ሰው አንድ ጥያቄ፣ በአጭሩ፣ ወገን በሌለው ቃል ያቅርብ። ክሱን ከጥያቄው ጋር ቀላቅሎ፣ ሦስት ጉዳይ በአንድ አንቀጽ አጭቆ የሚለጥፍ ሰው ዘጊ አጣሁ ብሎ ማማረር አይገባውም።

አማርኛው ዊኪፒዲያም የውይይት ገጾች አሉት፤ የግልግል ኮሚቴ ግን የለውም፣ ጸሐፊዎቹም ጥቂት ናቸው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቤት ከሙግቱ ውጭ የሆነ አንባቢ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ዘጊው ማን እንደሚሆን ጥሪው ሲወጣ፣ ገና ማንም አቋሙን ሳይገልጽ፣ መስማማት ያዋጣል፤ ሙግቱ ከጋለ በኋላ የሚመረጥ ሰው ምንም ያህል ቅን ቢሆን የአንዱ ወገን ነው መባሉ አይቀርም።