ዝናቡን ወደ ጉድጓዱ የመለሱ ሰዎች

በደቡብ ሕንድ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኘው ቼናይ በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል ማለት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ከተማዋን የሚያጠጡት አራቱ ዋና ዋና የውሃ ማጠራቀሚያ ሐይቆች ደረቁ። ነዋሪው ባልዲውን ደርድሮ ቦቴ ሲጠብቅ ዋለ፤ ምግብ ቤቶች የሥራ ሰዓታቸውን ቀነሱ፤ አንዳንድ የኮምፒውተር ኩባንያዎችም ሠራተኞቻቸው ከቤት ሆነው እንዲሠሩ አደረጉ። በቀጣዩ ወር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው ከጆላርፔታይ ውሃ የጫነ ባቡር ገባ። ጭነቱ 2.5 ሚሊዮን ሊትር ነበር። ከተማዋ በቀን የሚያስፈልጋት 800 ሚሊዮን ሊትር ያህል ስለነበር፣ ያ ሁሉ የተደከመበት ባቡር ያመጣው ውሃ ከአምስት ደቂቃ ፍጆታ አያልፍም።

ችግሩ ያለው በዝናቡ አመጣጥ ላይ ነው። አብዛኛው የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሳምንታት፣ ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ነፋስ ታጅቦ፣ በዶፍ መልክ ነው። ከተማው በአስፋልትና በሲሚንቶ ስለተሸፈነ ዶፉ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ቦታ አያገኝም፤ በቦዩ ተነድቶ በሰዓታት ውስጥ ባሕር ይገባል። ሲበዛ ደግሞ ያጥለቀልቃል። በዲሴምበር 2015 በቼናይና በዙሪያዋ የደረሰው ጎርፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ውሃ በባቡር ያስመጣችውም ይህችው ከተማ ናት።

ቀድሞ ሰዉ ዝናቡን የሚይዝበት ዘዴ ነበረው። የድሮ ቤቶች በየግቢያቸው ክፍት ጉድጓድ ነበራቸው። በማይላፖር ሰፈር እንዳለው እንደ ካፓሊሽዋራር ያሉ ቤተ መቅደሶችም በደረጃ የተከበቡ ሰፋፊ ኩሬዎች አሏቸው፤ ኩሬው ሲሞላ ውሃው ቀስ እያለ እየሰረገ የአካባቢውን ጉድጓዶች ይመግባል። የቧንቧ ውሃና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲስፋፉ ክፍቱ ጉድጓድ ተረሳ፤ ብዙው ተደፈነ። በምትኩ በማሽን የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ መጣና የከርሰ ምድሩ ውሃ ሳይተካ ይቀዳ ጀመር።

በባሕር ዳርቻ ላለች ከተማ ይህ ከድርቀት የከፋ ጉዳት አለው። ከአሸዋው ሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ ቀለል ስለሚል ከባሕሩ በሚመጣው ጨዋማ ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። የሁለቱ ክብደት ልዩነት ጥቂት በመሆኑ፣ ጣፋጩ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይዘልቃል። ስሌቱ ወደ ጉዳትም ይሠራል፤ የላዩ ውሃ በጥቂቱ ዝቅ ሲል ከሥር ያለው ጨው በብዙ እጥፍ ሽቅብ ይመጣል። ጨው የገባበትን ጉድጓድ ወደ ነበረበት መመለስ ዓመታት ይፈጃል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሴካር ራጋቫን የተባሉ የፊዚክስ ምሁር ይህ አደጋ በሚኖሩበት የባሕር ዳር ሰፈር በቤሳንት ናጋር ላይ ማንዣበቡን አይተው በር ማንኳኳት ጀመሩ። የጠየቁት ነገር የጣሪያው ውሃ ወደ መንገድ መለቀቁ ቀርቶ ወደ ጉድጓድ እንዲመለስ ነበር። ቧንቧው ገና ስላልደረቀ ብዙ ሰው ጆሮ አልሰጣቸውም። እሳቸው ግን ሕንፃ በሕንፃ እየዞሩ ገፉበት፤ በ2002ም አሜሪካ የሚኖሩት ሕንዳዊ መሐንዲስ ራም ክሪሽናን ካቋቋሙት አካሽ ጋንጋ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር «የዝናብ ማዕከል» ተከፈተ። ማዕከሉ ማንም ገብቶ የማጣሪያውንና የጉድጓዱን ሞዴል በዓይኑ የሚያይበት፣ ለቤቱ የሚስማማውንም የሚጠይቅበት ስፍራ ነው። ነገሩን ማየት ለማያውቀው ሰው ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ዝናብ የማቆሩ አሠራር ውስብስብ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው የቼናይ ቤት እንግዲህ በዓመት 140,000 ሊትር ይቀበላል፤ ሩቡ በትነትና በፍሳሽ ቢባክን እንኳ ከ100,000 ሊትር በላይ ይተርፋል። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ለብቻው ይደፋል። ቀጥሎ የሚወርደው በጣሪያው መውረጃ ቱቦ አድርጎ ጠጠርና አሸዋ በተደራረበበት ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ የፈለገ ወደ ሮቶ ያስገባዋል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ዝናብ በሦስት ወር ውስጥ በሚያልቅበት አገር ለቀሪው ዓመት የሚበቃ ሮቶ ለመግዛት የተራው ሰው አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ዋናው መጋዘን መሬቱ ራሱ ነው። ቤቱ የድሮ ጉድጓድ ካለው ውሃው ወደዚያ ይለቀቃል፤ ከሌለው ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ቀለበት የተደገፈ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፈራል። አሸዋማ በሆነው የባሕር ዳርቻ ብዙ ማጥለቅ አያስፈልግም። ሸክላ አፈር ባለበት ሰፈር ግን ሸክላው ታልፎ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር እስኪገኝ ድረስ መውረድ ግድ ነው።

የከርሰ ምድር መጋዘን አጥር የለውም። አንዱ ያስገባውን ጎረቤቱ ይቀዳዋል። አንድ ቤት ብቻውን ቢደክም በጉድጓዱ ላይ የሚያየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ጎዳናው በሙሉ ሲተባበር ግን ውሃው ከፍ ይላል። ሥራው እንደ ዕድር ሰፈርተኛውን ሁሉ ማሰባሰብንና ደጅ ለደጅ መዞርን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2003 ቼናይ የምትገኝበት የታሚል ናዱ ግዛት መንግሥት፣ በርዕሰ መስተዳድሯ በጃያላሊታ ጊዜ፣ አዲስም ሆነ ነባር ሕንፃ ሁሉ ዝናብ እንዲያቁር በሕግ አዘዘ። የጊዜ ገደብ ተቆረጠ፤ ያልታዘዘም የውሃ መስመሩ እንደሚቋረጥበት ተነገረው። በወራት ውስጥ ከተማው ቱቦ ሲገጥምና ጉድጓድ ሲቆፍር ሰነበተ። በተከታዮቹ ዓመታት የብዙ ሰፈሮች ጉድጓድ ውሃ ከፍ አለ፤ ጥራቱም ተሻሻለ። ለውጡን ሁሉ ለሕጉ ብቻ መስጠት ግን አግባብ አይሆንም፤ 2005 ያልተለመደ ከባድ ዝናብ የጣለበት ዓመት ነበር።

ጥድፊያው ሌላም ጣጣ አመጣ። ብዙ ባለንብረት ለተቆጣጣሪ ለማሳየት ያህል ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ሞላበት። በደንብ ያሠሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ዞር ብለው አላዩትም። ማጣሪያው በደለል ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ ወረቀት ላይ ግን ቤቱ ዝናብ እንደሚያቁር ተመዝግቦ ይኖራል። አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ፣ ጣሪያውን ከወቅቱ በፊት መጥረግና ጉድጓዱን ከደለል ማጽዳት በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ነው፤ ይህን ደግሞ የቤቱ ሰው ካልሠራው ማንም አይሠራለትም። እነ ራጋቫን ሕጉ ከወጣ በኋላም መዞራቸውን ያላቆሙት ለዚህ ነው። ከተማዋ በበኩሏ በ2010ና በ2013 በቀን እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ሊትር የባሕር ውሃ የሚያጣፍጡ ሁለት ተቋማት ከፈተች። እነዚህ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ጣሪያው ግን አስቀድሞ የተሠራ ነው።

በቼናይ የታየው በጎረቤቷ ባንጋሎር ሌላ መልክ ያዘ። ባንጋሎር ከባሕር ጠለል 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ የቧንቧ ውሃዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከካቬሪ ወንዝ በፓምፕ እየተገፋ ዳገት ወጥቶ ይደርሳታል። እዚያ ባዮም የተባለ ድርጅት ለከተማዋ አንድ ሚሊዮን ማስረጊያ ጉድጓድ እንዲቆፈር ዘመቻ ጀመረ። ቁፋሮውን የሚሠሩት ማኑ ቫዳር የሚባሉት፣ ከአባት ወደ ልጅ በወረደ ሙያ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው። የአፈሩን ጠባይ በእጃቸው ያውቁታል፤ የማሽን ቁፋሮ ሥራቸውን ነጥቋቸው ነበር፤ አሁን ግን ነዋሪዎች ለአዲስ ማስረጊያም ለአሮጌ ጉድጓድ ጠረጋም ይጠሯቸዋል። በከተማዋ መሀል ባለው በኩባን ፓርክ ለዓመታት ቆሻሻ የተጣለባቸውን አሮጌ ጉድጓዶች ጠርገው አወጡ፤ በዙሪያቸውም ማስረጊያዎች ቆፈሩ። ጉድጓዶቹ እንደገና ውሃ ያዙ።