ፀሐይ በማይደርስበት ውሃ የሚኖሩ እንስሳት

ዛሬ የምንነግርዎ ብርሃን ደርሶበት ስለማያውቅ ውሃና በውስጡ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዛሬ ስሎቬኒያ በሚባለው አገር ብርቱ ዝናም ዘንሞ ምንጮች ሲሞሉ፣ ከምድር በታች የሚመጣው ውሃ አንዳንድ ጊዜ እባብ የመሰለ ነጣ ያለ ትንሽ እንስሳ ይዞ ይወጣ ነበር። ባላገሩም በዋሻው ውስጥ የሚኖር የዘንዶ ግልገል ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን ወሬ ቫልቫሶር የተባለ ጸሐፊ በ1689 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። በ1768 ዓ.ም. ላውሬንቲ የተባለው ሊቅ ፕሮቴዎስ አንግዊኑስ ብሎ ሰየመው። ዓሣ አይደለም፤ ከእንቁራሪት ጋር የሚዛመድ፣ ሳላማንደር ከሚባሉት ወገን ነው።

ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በፊት እግሩ ሦስት፣ በኋላ እግሩ ሁለት ጣቶች ብቻ አሉት። በአንገቱ ግራና ቀኝ የሚታየው ቀይ ላባ መሰል ነገር በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ ነው። ከዕንቁላሉ ሲፈለፈል ዓይን አለው፤ እያደገ ሲሄድ ግን ዓይኑ እየመነመነ ቆዳ ይሸፍነዋል።

ዓይንን ያህል ነገር ማጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም ይመስላልን? ዳርዊን በ1859 ዓ.ም. የዋሻ እንስሳትን ዕውርነት ካለመሥራት የመጣ ነው ብሎ ነበር። የዛሬ ሊቃውንት የሚጨምሩት አለ። ዓይንና ዓይንን የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ብዙ ምግብ ይፈጃሉ፤ በሜክሲኮ ዓሣዎች ላይ በ2015 ዓ.ም. በተገለጸ ምርመራ፣ ማየት ለትንሹ ዓሣ ዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል 15 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ታውቋል። ምግብ በማይገኝበት ጨለማ ይህ ከንቱ ወጪ ነው። ፕሮቴዎስ በዓይን ፈንታ በማሽተትና የውሃን መናወጥ በመለየት ቀንድ አውጣና ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ያድናል።

ኑሮው እጅግ የዘገየ ነው። ሊቃውንት ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል ብለው ገምተዋል፤ ሴቲቱ ዕንቁላል የምትጥለው በ12 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። በ2020 ዓ.ም. በወጣ ጽሑፍ እንደተነገረው፣ በቦስኒያና ሄርሴጎቪና ዋሻ ውስጥ አንዱ ለ2,569 ቀን ከስፍራው አልተነቃነቀም። በፖስቶይና ዋሻ በ2016 ዓ.ም. አንዲቱ 64 ዕንቁላል ጥላ 22 ተፈልፍለዋል።

በጎረቤታችን በሶማሊያም ከርሰ ምድር ፍሬያቲክቲስ የተባለ ዕውር ዓሣ አለ። ቅርፊትም ቀለምም የለውም። በ2011 ዓ.ም. እንደተገለጸው የሰውነቱ ሰዓት በብርሃን አይመራም፤ አንዱ ዙር 47 ሰዓት ያህል ይፈጃል። (የመሥሪያ ቤት መግቢያ ሰዓት ለሚያስጨንቀው አንባቢ የሚያስቀና ነው።) ምግብ በተወሰነ ጊዜ ሲሰጠው ግን ሰዓቱን በዚያ ያስተካክላል።

እንዲህ ያሉ ዋሻዎች የሚፈጠሩት በኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ በባሌ የዌብ ወንዝ የቦረቦረውን ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ውሃው በጥቅጥቅ አፈር ተጣርቶ ሳይሆን በድንጋዩ ስንጥቅ በቀጥታ ይወርዳልና፣ ከላይ የተጣለው ሁሉ ሳይጣራ ከታች ይደርሳል። በስሎቬኒያ ቤላ ክራይና አውራጃ የአንድ ፋብሪካ ቆሻሻ በዚህ መንገድ ወርዶ፣ ለመጠጥ የታሰበውን የክሩፓን ምንጭ ፒ.ሲ.ቢ. በሚባል መርዝ በክሎታል። ነገሩ የታወቀው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ የተገኙ ፕሮቴዎሶችም መርዙ በሰውነታቸው ተከማችቶ ታይቷል።

በዚያው አውራጃ በ1986 ዓ.ም. ቆዳው ጥቁር፣ ዓይኑም ከነጩ የተሻለ ሌላ ዓይነት ፕሮቴዎስ ተገኝቷል፤ መኖሪያው ከዚያች ጠባብ ስፍራ በቀር በሌላ አልታወቀም። አሁን ተመራማሪዎች ወደ ዋሻው ሳይገቡ ከምንጭ ውሃ ይቀዳሉ፤ እንስሳው በውሃው የተወውን የዘር ምልክት መርምረውም ከታች መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣሉ።